ጎጃም አዘነ፡- የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ልብስ በጂንስ ዘመን

ጂንስ ሱሪ የሌለው የከተማ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል፡፡ ይሁንና ዛሬ ከመርካቶ እስከ ኒውዮርክ የሚለበሰው ይህ ሰማያዊ ሱሪ ሲጀመር የመዝናኛ ልብስ አልነበረም፡፡ በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት ሬኖ ከተማ ይሠራ የነበረው ልብስ ሰፊ ጃኮብ ዴቪስ፣ የጉልበት ሠራተኞች ሱሪ ኪሱ ላይ እየተቀደደ ሲያስቸግር ጫፍ ጫፉን በትንንሽ የመዳብ ሪቬት ማጣበቅ ጀመረ፡፡ ጨርቁን ያቀርብለት ከነበረው ነጋዴ ከሌቪ ስትራውስ ጋርም እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1873 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት፡፡ የማዕድን ቆፋሪና የከብት ጠባቂ ሱሪ እንዲህ ተጀምሮ ነው የዓለም ልብስ የሆነው፡፡

የእኛም አገር የራሱ የሥራ ልብስ አለው፡፡ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባህር ዳር በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው በየገበያው የሚያየው ቁምጣና እጀ ጠባብ ነው፡፡ በእጅ ከተሸመነ ጥጥ ተሠርቶ፣ ጠቆር ባለ ቀለም፣ በብዛትም በአረንጓዴ ተነክሮ የሚሰፋው ይህ ልብስ "ጎጃም አዘነ" ይባላል፡፡ ስሙ የሐዘን ስም ነው፡፡ በደጋው አገር ዘመድ የሞተበት ሰው ነጩን ልብሱን አጥቁሮ ወይም አደፍርሶ መልበሱ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ የተነከረ ልብስና ሐዘን በአንድ ስም መገናኘታቸው አያስደንቅም፡፡ የሚያስደንቀው በሐዘን ስም የሚጠራው ልብስ ዛሬ የሠርግና የበዓል ልብስ መሆኑ ነው፡፡

ለምን ቁምጣ? የሚል ጥያቄ ከከተማ ሰው ይነሳል፡፡ መልሱ ከእግር ሥር ነው፡፡ ቢቸና ዋና ከተማው የሆነችለት የእነማይ ወረዳና በአካባቢው ያሉት ወረዳዎች የታወቁ የጤፍ አገሮች ናቸው፡፡ አፈሩ በአብዛኛው መረሬ ሲሆን፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ የሚያክለው ይህ ጥቁር አፈር በክረምት እግር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፡፡ ጤፍ ደግሞ የሚዘራው በዚያው በክረምቱ ነው፡፡ ረጅም ሱሪ ለብሶ ከበሬ ኋላ ጭቃ ውስጥ የሚውል ሰው ማታ ወደ ቤቱ ይዞ የሚመለሰው ግማሽ ማሳ ነው፡፡ ቁምጣ ግን ከጉልበት በላይ ስለሚቀር ጭቃው ከእግር ጋር ታጥቦ ይወርዳል፡፡ የተነከረ መሆኑም ምክንያት አለው፤ ነጭ ልብስ በመረሬ ላይ አንድ ቀን አይውልም፡፡ ብርዱን የሚከላከለው ከላይ የሚደረበው ጋቢ ወይም ቡሉኮ ነው፡፡

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት፡፡ ጥጥ የደጋ ሰብል ስላልሆነ ከቆላ ይመጣል፡፡ ሴቶች ፍሬውን ያወጡለታል፣ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈትሉታል፡፡ ይህ ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ሲሆን፣ ዋጋ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው የፈታይዋ ድካም ነው፡፡ ከፋብሪካ ክር ወዲህ አብዛኛው የአገራችን ሸማኔ ድሩን በፋብሪካ ክር ዘርግቶ ማጉን በእጅ ፈትል ይሠራል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመው የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለአካባቢው ቅርብ ነው፡፡ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በእጁ ይወረውራል፡፡ የጨርቁ ስፋት የእጁ ስፋት ነው፤ ከዚያ ሊበልጥ አይችልም፡፡ ሰፋ ያለ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይጋጠማል፡፡ ቀለሙ ዛሬ በአብዛኛው በዱቄት መልክ ከገበያ የሚገዛ ነው፡፡ በመጨረሻ ልብስ ሰፊው በእግር መኪናው ይሰፋዋል፤ በጠርዙና በኪሱ ላይ በደማቅ ክር ጌጥ ማድረግም የተለመደ ነው፡፡

እዚህ ላይ ጂንስ ለሚወዱ አንባቢዎች አንድ ነገር ልንገራቸው፡፡ በአሁኑ ዘመን የጂንስ አፍቃሪዎች እጥፍ ድርብ ዋጋ የሚከፍሉበት ጨርቅ በአሮጌና በጠባብ የመወርወሪያ መኪና የተሠራው ዴኒም ነው፡፡ ምክንያቱም በመወርወሪያ ሲሠራ ማጉ ጠርዝ ላይ ሳይቆረጥ ታጥፎ ስለሚመለስ የጨርቁ ዳር አይተረተርም፡፡ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጡት ፈጣን መኪናዎች ማጉን በየጉዞው ስለሚቆርጡት ጠርዙ ጭራ ያወጣል፤ መቀመቀም አለበት፡፡ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ወደ ፈጣኑ መኪና ሲዞሩ፣ የጃፓኗ ኦካያማ ግዛት በተለይም ኮጂማ የተባለው ሥፍራ በጠባቡ መኪና ስም አተረፈ፡፡ በአሜሪካ የአሮጌው አሠራር ምልክት የነበረው የሰሜን ካሮላይናው የኮን ፋብሪካ፣ ዋይት ኦክ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ተዘጋ፡፡ ሌላው ገዥዎቹ የሚወዱት ነገር ክሩ ወፈር ቀጠን ማለቱ፣ የሰው እጅ ያለበት መምሰሉ ነው፡፡

እንግዲህ የማይተረተረው ጠርዝም፣ ወፈር ቀጠን የሚለው ክርም በቢቸናና በሞጣ ሸማኔ ዘንድ ብርቅ አይደሉም፡፡ ልዩነት ግን አለ፤ ዋሽተን ማወደስ አያስፈልግም፡፡ ዴኒም ማጉ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ድር እየዘለለ ሰያፍ መስመር የሚሠራ፣ ጥቅጥቅ ያለ ከባድ ጨርቅ ነው፡፡ የእኛ ሸማኔ ጨርቅ በብዛት አንድ በላይ አንድ በታች የሚሄድ ቀላል አሠራር በመሆኑ ይለሰልሳል፣ ይተነፍሳል፣ በጥንካሬ ግን ዴኒምን አይተካከልም፡፡ የቀለሙም ነገር እንደዚሁ ነው፡፡ በዴኒም ሰማያዊ የሚነከረው ድሩ ብቻ ሲሆን፣ ቀለሙ የክሩን ልብ ሳይነካ ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ ሲለበስ በጉልበትና በኪስ አካባቢ እየነጣ ይሄዳል፡፡ ጂንስ ሲያረጅ የሚያምረው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ስለ ሸማኔው ካነሳን አይቀር፣ ሙያው ለረጅም ዘመን የተናቀ መሆኑን መሸፈን አይገባም፡፡ በጎጃም ከተሞች ሽመና በብዛት ከሙስሊም ቤተሰቦች ጋር ተያይዞ የኖረ ሥራ ነው፡፡ መሬት አርሶ የሚኖረው ሰው ልብሱን ከእነርሱ እየገዛ፣ እነርሱን ግን ዝቅ አድርጎ ያይ ነበር፡፡ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ስድቡ የተለመደ ስለነበር ነው፡፡ አዋጁ ወጣ እንጂ ልማዱ በአዋጅ አልጠፋም፡፡ ጨርቁን እንደ ባህል ቅርስ እያወደሱ ሠሪውን መርሳት ከዚሁ የራቀ አይመስለንም፡፡

ልብሱ ከገጠር ወደ ከተማ የዞረው በቅርብ ዓመታት ነው፡፡ የሙዚቃ ክሊፖች፣ የሠርግ ሚዜዎችና በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፈላጊዎቹ ሆኑ፡፡ ለገበሬው የሥራ ልብስ የነበረው ለከተሜው የማንነት ምልክት ሆነ ማለት ነው፡፡ በአገራችን ሸማኔ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ዓለም አቀፍ ገበያ መድረስ እንደሚቻል ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቋቋመችው "ለምለም" የተባለ የልብስ ድርጅት አሳይታለች፡፡ የጎጃም አዘነ ሠሪዎች ግን መንገድና ሰላም ይፈልጋሉ፡፡ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት የአካባቢውን መንገዶች ደጋግሞ ዘግቷል፡፡ ክር ከፋብሪካ መምጣት ሲያቅተው፣ የተሰፋውም ወደ አዲስ አበባ መውጣት ሲሳነው፣ የሸማኔው ጉድጓድ ባዶ ይውላል፡፡

ሌላው አደጋ ማስመሰል ነው፡፡ በሐበሻ ቀሚስ ላይ የደረሰውን አይተናል፤ የጥበቡን መልክ በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ያተመ የቻይና ሥራ ገበያውን አጥለቅልቆታል፡፡ የጎጃም አዘነን ቀለምና ስፌት ከፋብሪካ ጨርቅ ላይ መኮረጅ ከዚያም ይቀላል፡፡ በዚህ ረገድ የሳሚ ሕዝብ ልምድ ትምህርት ሰጪ ነው፡፡ ሳሚዎች በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ የሚኖሩ፣ አጋዘን በማርባት የሚታወቁ ነባር ሕዝቦች ናቸው፡፡ "ጋክቲ" የሚባለው ልብሳቸው በቀለሙና በጌጡ የለባሹን አካባቢና ቤተሰብ ይናገራል፡፡ በፊንላንድ ለቱሪስት ተብሎ የሚሰፋ የውሸት ጋክቲ ብዙ ቅሬታ አስነስቷል፡፡ ሳሚዎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በባለሙያ ሳሚ የተሠራ ዕቃ ላይ ብቻ የሚለጠፍ "ሳሚ ዱዎጂ" የተባለ የጋራ ምልክት ይጠቀማሉ፡፡ ምልክቱ ሌላው እንዳይኮርጅ በሙሉ አያግድም፤ ገዥው ግን የትኛው የማን እንደሆነ ያውቃል፡፡

በእኛም አገር በሩ ዝግ አይደለም፡፡ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 የማኅበር አባላት በጋራ የሚጠቀሙበትን የወል የንግድ ምልክት ያውቃል፡፡ የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ በሚሉት የቡና ስሞች ላይ ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ የደረሰው በንግድ ምልክት መንገድ ነበር፡፡ የቢቸናና የሞጣ ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች በማኅበር ተደራጅተው ስሙን ካላስመዘገቡት፣ አንድ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ቀድሟቸው ሊጠይቅበት ይችላል፡፡ ምልክቱ ሲወጣም ፈታይዎቹ ከማኅበሩ ውጭ ከቀሩ ግማሹ ሥራ ያለ ባለቤት ቀረ ማለት ነው፡፡

እስከዚያው ገዥው ራሱ ቢጠነቀቅ ይሻላል፡፡ የእጅ ሥራ ከሆነ ማጉ ወፈር ቀጠን ይላል፤ ብርሃን ላይ ሲያዩት በግልጽ ይታወቃል፡፡ ስፌቱን ገለጥ አድርገው ጠርዙን ይመልከቱ፤ ሳይቆረጥ የታጠፈ ማግ ካለበት ከመወርወሪያ የወጣ ነው፡፡ ከተጠራጠሩ ከውስጥ አንድ ክር መዝዘው በእሳት ይሞክሩት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ሲሆን፣ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል፡፡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እጥበቶች በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ይጠቡት፤ ቀለም ስለሚለቅ ከነጠላና ከጋቢ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ፡፡ ሲያሰጡትም ገልብጠው፣ ጥላ ቦታ ላይ ይሁን፡፡