ማረሻውን የሠሩ እጆች፦ የቤተ እስራኤል አረጋውያን ሕይወት በታሪካችን ውስጥ

የአገራችን ታሪክ ለብዙ ዘመን የተጻፈው በቤተ መንግሥትና በደብር ነው። ጸሐፊው የንጉሠ ነገሥቱን ዘመቻ፣ የመኳንንቱን ሹመትና ሽረት፣ የአድባራቱን መተከል አንድ በአንድ መዝግቧል፤ ድንጋዩን ማን እንደ ጠረበ፣ ጦሩን ማን እንደ ቀጠቀጠ፣ የሠራዊቱ ስንቅ የበሰለበትን ሸክላ ማን እንደ ሠራ ግን ሊነግረን አልደከመም። ከዚህ የተነሣ በዜና መዋዕሎቻችን ውስጥ የቤተ እስራኤል ስም የሚነሣው በአብዛኛው ሲዘመትባቸውና ሲሸነፉ ነው። ከሽንፈቱ በኋላ በነበሩት ረጅም ዓመታት ምን ሠርተው፣ ምን በልተው፣ ምን ተስፋ አድርገው እንደ ኖሩ ለማወቅ የሚሻ ሰው መጽሐፉን አጥፎ ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ይኖርበታል።

እነዚህ አባቶችና እናቶች ዛሬ በብዛት የሚገኙት በእስራኤል ከተሞች ነው። የተወለዱት ግን በስሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በበለሳ፣ በአርማጭሆ፣ በቋራ፣ በወልቃይትና በሽሬ ነው። በ1975 የገጠር መሬት ሲታወጅ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ ዛሬ በሰማንያ ዓመት ዕድሜ ላይ ይገኛል። ይህም ማለት የጭሰኝነትን ኑሮ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ያየው የመጨረሻው ትውልድ እየተሰናበተን ነው ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የሚቀበረው የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች ትዝታ ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ጭሰኛና የኢትዮጵያ ባለ እጅ ታሪክ ጭምር ነው።

ርስት የሌለው ሰው

በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ (1414–1429) በወገራ ቤተ እስራኤልን ድል ነሡ። ትውፊት እንደሚያስረዳው ከዚያ በኋላ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተደነገገ። «ፈላሻ» የሚለውም ስም ከዚሁ ነገር ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ትርጉሙ አገር የሌለው መጻተኛ ማለት በመሆኑ ሕዝቡ አይወደውም፤ ራሱን የሚጠራው ቤተ እስራኤል ብሎ ነው። በስሜን ተራሮች ቆይቶ የነበረው ነጻነትም በ17ኛው መቶ ዓመት በአፄ ሱስንዮስ ዘመቻዎች ተደመሰሰ።

በፊውዳሉ ሥርዓት ርስት ማለት የሚታረስ አፈር ብቻ አልነበረም፤ በአገር ሸንጎ ሰው ተብሎ የመቆጠር መብት ነበር። ይህን መብት ያጣ ሰው ሁለት መንገድ ቀረለት፦ የሰው መሬት አርሶ እህሉን ከባለ ርስቱ ጋር መካፈል፣ ወይም በእጁ ሙያ ማደር። ቤተ እስራኤል ሁለቱንም ያዙ። ሴቶቹ ጭቃ አቡክተው ጋን፣ እንስራ፣ ድስትና ምጣድ ሠሩ፤ ወንዶቹ በወናፍ እሳት አንድደው ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሸመኑ። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በሆነችበት ዘመን ከግንበኞቿና ከአናጢዎቿ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩባት፤ አንዳንዶቹም በሙያቸው ማዕረግና መሬት አግኝተዋል። ከተማይቱ በዘመነ መሳፍንት ስትደክም ያም ጸጋ አብሮ ደከመ። የጎንደርን ግንብ የሚጎበኝ መንገደኛ የነገሥታቱን ስም ተራ በተራ ይሰማል፤ የግንበኞቹን ስም የሚነግረው የለም።

የዚህ ኑሮ መራራ ተቃርኖ የሚታየው በገበያ ላይ ነበር። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ባለቤቱም ያለ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም፤ ስለዚህ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ይፈልጓቸዋል። ነገር ግን ብረትን በእሳት የሚያለዝብ እጅ ሌላም ስውር ኃይል አለው ተብሎ ይፈራ ነበር። ባለ እጅ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ሕፃን ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ ባለ እጁ ጎጆ ነበር፤ በዚህም ሰበብ የተደበደበ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ሕይወቱንም ያጣ ሰው አለ።

ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ቡዳ የተባሉት ቤተ እስራኤል ብቻ አልነበሩም፤ ክርስቲያንና ሙስሊም የሆኑ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ቆዳ ፋቂዎችም በየአገሩ በዚሁ ስም ተንቀዋል። ይህ የሚያመለክተው የስድቡ ሥር በሃይማኖት ልዩነት ብቻ ሳይሆን በመሬት ሥሪቱም ውስጥ ተተክሎ እንደ ነበረ ነው። መሬት የነፈገው ሥርዓት ሰዎቹን ወደ እጅ ሙያ ገፋቸው፤ ሙያውን ደግሞ መልሶ የውርደታቸው ማስረጃ አደረገው።

ሕግና ናፍቆት

ይሁን እንጂ እነዚህን ሰዎች የተናቁና የተገፉ ብቻ አድርጎ መሳል ሌላ በደል ይሆናል። ቤተ እስራኤል የራሳቸው ሕግ፣ የራሳቸው ሊቃውንት፣ የራሳቸው ክብር ነበራቸው። መንደራቸውን በወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ ታጥቦ ካልሆነ በቀር ወደ ቤቱ አይገባምና። ጎረቤቶቻቸው ይህን ልማድ «አትንኩኝ» ይሉታል። ውጭ ያለው ኅብረተሰብ ርኩሳን ናችሁ ሲላቸው እነርሱም በበኩላቸው ንጽሕናችንን አታጉድፉብን ብለው መለሱ፤ አጥሩ ከሁለቱም ወገን የታጠረ ነበር።

ሴት በወር አበባዋ ጊዜ በመንደሩ ዳር ባለች የመርገም ጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ሳይሞላት ወደ ቤቷ አትመለስም። እናቶች ያንን ጎጆ ሲያስታውሱ ብርዱንና መገለሉን ብቻ አያነሡም፤ ከመፍጨትና ውኃ ከመቅዳት ያረፉበት፣ እርስ በርስ የልባቸውን የተጨዋወቱበት ቦታ እንደ ነበረም ይናገራሉ።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወናፉ ዝም ይላል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ በወንዝ ታጥቦ ንጹሕ ልብሱን ይለብሳል። ስድስት ቀን ለባለ ርስት የደከመ ሰው በሰባተኛው ቀን የማንም ጭሰኛ አልነበረም። በስግድ ዕለት ደግሞ ሕዝቡ ጾሞ ቄሶቹን እየተከተለ ተራራ ይወጣል፤ አንዳንዱ የትሕትና ምልክት የሆነ ድንጋይ ይሸከማል። ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጉማሉ፤ ከጸሎቱ በኋላ ሁሉም ወርዶ አብሮ ይበላል። የጸሎቱ ዋና ነገር ኢየሩሳሌም ነበረች። ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆች ቀና ብለው የኢየሩሳሌምን ደኅንነት ይጠይቁት እንደ ነበር አረጋውያኑ ዛሬም ያወራሉ።

ይህ ናፍቆት የቃል ብቻ አልነበረም። በ1862 አባ ማህሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ እግዚአብሔር ባሕሩን እንደ ሙሴ ዘመን እንደሚከፍልላቸው አምነው ነበር። አብዛኞቹ በትግራይ ምድር በረሃብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉት ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፣ ከፊሎቹ ወደ ቀያቸው ተመለሱ። አንድ ትውልድ ሳያልፍ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ (1888–1892) መጣ፤ ከብቱ በወረርሽኝ አለቀ፣ መንደሮች ባዶ ቀሩ። የዛሬዎቹ አረጋውያን ያን ዘመን ከአያቶቻቸው አፍ የሰሙ ናቸው።

ለትምህርት የተሻገሩት

በውጭ አገር ለምንገኝ ተማሪዎች በተለይ ቅርብ የሆነ አንድ ምዕራፍ አለ። በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ አይሁዳዊ ምሁር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ1905 ሲመለስም ጌቴ ኤርምያስና ታምራት አማኑኤል የተባሉ ሁለት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወሰደ። ታምራት በፈረንሣይና በኢጣልያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ፤ በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ከእርሳቸው ቀጥለው የመጡት በጎንደር አጠገብ በወለቃ መንደር የተወለዱት ዮና ቦጋለ (1908–1987) ናቸው። በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ብዙ ቋንቋ ተምረው ተመለሱ፣ በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ፣ ኋላም በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች ለነበሩት ትምህርት ቤቶች ደከሙ፤ አገራቸውን የለቀቁት በ1979 በሽምግልናቸው ነው።

ትምህርቱ ዋጋ አስከፍሏል። ከሌላው ዓለም አይሁድ ጋር ለመስማማት ሲባል የጥንቱ መሥዋዕትና ምንኩስና እየቀረ ሄደ፤ ዕብራይስጥ የግዕዝን ቦታ መሻማት ጀመረ። ሆኖም የእነዚህ ሰዎች ፍሬ ነገር አይካድም፦ ባዕድ አገር የቀሰሙትን ዕውቀት ለግል ኑሮ ማማሪያ ብቻ አላደረጉትም።

መሬት ተገኘ፣ አገር ተለቀቀ

በ1974 አብዮት ፈነዳ፤ በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ርስት የተነፈገ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ የመሬት ድርሻ አገኘ። ታዲያ መሬቱን ባገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትቶት ለምን ሄደ? ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንዱ ነገሩን ሁሉ የውጭ መንግሥታት ሴራ ያደርገዋል፤ ሌላው የሃይማኖት ናፍቆት ብቻ ያደርገዋል። የአረጋውያኑ ሕይወት ሁለቱንም አይቀበልም።

አዋጁ በወጣባቸው ቀበሌዎች መሬታቸውን ያጡ ባላባቶች ቂም ይዘው ነበር። በ1976 እና በ1977 በሰሜን ምዕራብ በጌምድር የኢዲዩ ጦርነት ሲቀጣጠል ቤተ እስራኤል ከጥቃቱ ሰለባዎች አንዱ ሆኑ። ቀይ ሽብርም ተከተለ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዕብራይስጥ የሚያስተምሩ መምህራን ታሠሩ፣ ተገረፉ። በዚሁ ጊዜ የእስራኤል በር ተከፍቷል፤ በ1973 ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን መስክረዋል፣ በ1975 መንግሥቱ የመመለስ ሕጉ እንደሚመለከታቸው ተቀብሏል። ስለዚህ መሬቱ ሲገኝ ሰላሙ ጠፋ፤ የጥንቱ ናፍቆትም መንገድ አገኘ። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ አይነቃነቅም ነበር።

ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ከወታደርና ከሽፍታ እየተሸሸጉ ሱዳን ገቡ። በኡም ራኩባና በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት ሠፈሮች ማንነታቸውን ደብቀው የመነሻ ተራቸውን ጠበቁ። በመንገዱና በሠፈሮቹ ወደ 4 ሺህ የሚገመት ሰው አለቀ፤ ከሁሉ በላይ ያለቁት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ሙሴ የተባለው ዘመቻ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ከ6 ሺህ በላይ ሰዎችን በአውሮፕላን ወሰደ። በሜይ 1991 ደግሞ ሰሎሞን በተባለው ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓዙ። ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆችና ልጆቻቸው ይኖራሉ።

በኢየሩሳሌም የተገኘው ሽምግልና

ሽማግሌዎቹ ኢየሩሳሌምን አዩ። ነገር ግን የጸሎቷ ከተማና የመሥሪያ ቤቷ ከተማ አንድ አልነበሩም። ገና በ1985 የአገሩ የሃይማኖት አለቆች አይሁድነታችሁ ሙሉ እንዲሆን በውኃ ተነከሩ አሏቸው፤ ስለ አይሁድነቱ ያን ሁሉ መከራ የተቀበለ ሕዝብ ይህን እንደ ስድብ ቆጥሮ በኢየሩሳሌም አንድ ወር ያህል በተቃውሞ ተቀመጠ። ቄሶቹ በአገራቸው ያጋቡ፣ ያፋቱና ይዳኙ እንዳልነበሩ ጋብቻ የመፈጸም ሥልጣን ተነፈጉ። በ1996 ደግሞ የቤተ እስራኤል ልጆች የለገሱት ደም በስውር ሲደፋ መኖሩ ታወቀ። ትናንት በጎንደር ገበያ «አትንኩት» የተባለ ሰው፣ ዛሬ በናፈቀው አገር ደሙ ሳይነካ ተደፋበት።

በቤት ውስጥም ሥልጣን ተገለበጠ። በቀዬው ነገር የሚቆርጥ፣ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ለሐኪሙና ለጸሐፊው ቃሉን የሚያደርስለት የአሥር ዓመት የልጅ ልጁ ሆነ። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን፣ ቀጥቃጩ ወናፉን አጡ፤ ሙያቸው በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ገባ። ያም ሆኖ ዝም አላሉም። ከብዙ ጥያቄ በኋላ በ2007 በሱዳን መንገድ ላለቁት በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆመ፤ በ2008 ስግድ በሕግ የአገር በዓል ሆነ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ቄሶቹ በባለ ቀለም ጥላቸው ሥር ቆመው በግዕዝ ሲጸልዩ፣ የሚሰማቸው ወጣት በዕብራይስጥ የሚያስብ ነው።

ምን እናድርግ?

እኛ በየአገሩ ተበትነን የምንገኝ ተማሪዎች ስለ ሕዝብ ታሪክ ብዙ እንናገራለን። የሕዝብ ታሪክ ግን በመፈክር አይጻፍም፤ ስም፣ ቦታና ልክ ይፈልጋል። ስለዚህ የእነዚህን አባቶችና እናቶች ቋንቋ የሚችል ሁሉ በአማርኛም በትግርኛም ይጠይቃቸው፦ ለአንድ ማረሻ ስንት ቁና እህል ይቀበሉ ነበር? ባለ ርስቱ ከምርታቸው ምን ያህል ይወስድ ነበር? ቡዳ ተብሎ የተከሰሰ ማን ነበር፣ ማንስ ተከላከለለት? ከክርስቲያኑ ጎረቤት ጋር በምን ተጣሉ፣ በምንስ ተዋደዱ? በሱዳን ማንን ቀበሩ፣ የት? የሚሰጡት መልስ ለእኛ አመለካከት የማይመች ሲሆን ደግሞ ሳናርም ሳንቀንስ እንጻፈው።

እነርሱ የሠሩት ማረሻ ያረሰው እህል የብዙዎቻችንን አያቶች መግቧል። ያገራችን ታሪክ ሲጻፍ የእነዚያ እጆች ስም እንዲገባበት ለማድረግ የቀረን ጊዜ አጭር ነው፤ ሥራው ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም።