ሁለት ገጽ ያለው የብሉቱዝ አዳፕተር

በወላይታ ዞን የሁምቦ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ተበላ አማርኛ በግዕዝ፣ ወላይትኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ኪቦርዱ ከሁለቱ ፊደላት አንዱንም አያውቅም፤ የተነካውን ቁልፍ መለያ ቁጥር ይልካል እንጂ፣ ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው ሥርዓተ ክወናው ነው። በብሉቱዝ አዳፕተር፣ ማለትም ኮምፒውተርን ያለ ገመድ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በሚያገናኘው ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ ላይ ሁለት የአሠራር ስልት የተፈጠረውም ሥርዓተ ክወናው ገና ሳይነሣ ኪቦርድ በማስፈለጉ ነው።

ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴልና ቶሺባ የብሉቱዝን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠርቱ፣ በየኮምፒውተሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚነቃው ባዮስ የተባለው መነሻ ፕሮግራም ስለ ብሉቱዝ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድን ግን ያውቅ ነበር፤ የዩኤስቢ ደንብ ለዚህ ሰዓት የሚሆን ቀላልና የማይለዋወጥ የመልእክት ቅርጽ ደንግጎ ነበርና። ስለዚህ እንደ እንግሊዙ ሲኤስአር ያሉ ቺፕ ሠሪዎች የሬዲዮውን ሥራ ለራሱ ለአዳፕተሩ ሰጡት፤ አዳፕተሩም ከኪቦርዱና ከማውዙ ጋር የተጣመረበትን ምስጢራዊ ቁልፍ በውስጡ ይዞ፣ ለኮምፒውተሩ ተራ ባለገመድ ኪቦርድና ማውዝ መስሎ ይቀርባል። ይህ ኤችአይዲ የሚባለው ስልት ብልህ ማስመሰል ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል፤ አዳፕተሩ በዚህ መልክ እስካለ ድረስ ከስልክ ፋይል መቀበልም ሆነ የጆሮ ማዳመጫ ማገናኘት አይቻልም።

ሬዲዮውን ለሥርዓተ ክወናው የሚያስረክበው ሙሉ ስልት ኤችሲአይ ይባላል። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ይህን ርክክብ የሚያስፈጽመው፣ ከብሉዚ የብሉቱዝ ፕሮግራሞች ጋር የሚታወቀው «ኤችአይዲ ቱ ኤችሲአይ» ነው፤ ሲኤስአር፣ ሎጂቴክና ዴል የየራሳቸው የመቀየሪያ ትእዛዝ ስለነበራቸው ፕሮግራሙ ሦስቱንም ማወቅ ነበረበት። ትእዛዙ ሲደርሰው አዳፕተሩ ከዩኤስቢ እንደተነቀለ ሆኖ ይጠፋና በሌላ ማንነት ይመለሳል፤ በዚህ መካከል፣ ሥርዓተ ክወናው የራሱ የማጣመሪያ ቁልፍ ከሌለው ኪቦርዱ ስለሚዘጋ፣ ቅያሬውን ያዘዘ ሰው የሚያስተካክልበት ኪቦርድ አጥቶ ሊቀር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የዩኢኤፍአይ 2.5 ደንብ መነሻ ፕሮግራሙ ራሱ ብሉቱዝን እንዲያናግር በር ከፈተ፤ ዩኢኤፍአይ የባዮስ ተተኪ ነው። ከኪቦርድና ከማውዝ ጋር ተጣምረው የሚሸጡት፣ ብሉቱዝ ያልሆኑ ትናንሽ የዩኤስቢ ሪሲቨሮች ግን ዘወትር ኪቦርድና ማውዝ ብቻ ሆነው ስለሚታዩ የመቀያየር ጣጣ ገጥሟቸው አያውቅም።