ኒያላ፦ ከተራራችን የወረደ የፊደል ስም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎበሳ ማመልከቻ ላስጽፍ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። "ቲቸር፣ በየትኛው ፊደል ልጻፍልዎ?" አለኝ። "በኒያላ" አልኩት። ፈልጎ አጣው። "ድሮ ነበር እኮ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የለም" አለና ቀጠለ፦ "ለመሆኑ ኒያላ ምን ማለት ነው?"

አርሲ ተወልዶ አርሲ ያደገ ልጅ ይህን ሲጠይቀኝ ደነገጥኩ። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያላስተማርኩት። እስቲ ዛሬ ላስተምር።

ከሥሩ እንጀምር። የግዕዝ ፊደል መልኩን ያገኘው ከመቃ ብዕርና ከብራና ነው። የመቃው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቆረጥ፣ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይተዋል። "በ"ን ተመልከቱ፦ ሁለቱ እግሮቿ ወፍራም፣ ጣሪያዋ ቀጭን። ብዕሩ ሲያርፍና ሲነሣ ደግሞ የመስመሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ሹል ነገር ይቀራል። በላቲን ፊደል ጫፍ ላይ ያለችውን የዚህች ዘመድ ፈረንጆቹ ሰሪፍ ይሏታል።

ይህ የብዕር መልክ ወደ ብረት የተሻገረው በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ቋንቋውን "ከለዳውኛ" ብሎ ተሳስቷል፤ ሥራው ግን የመጀመሪያው የግዕዝ የኅትመት መጽሐፍ ሆነ። አገራችን ውስጥ ደግሞ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። የላቲን ፊደል ለቃሚ 26 ፊደል በትልቁና በትንሹ ይዞ ሲሠራ፣ የእኛ ለቃሚ 33ቱን በሰባት አባዝቶ፣ ዲቃላዎቹንም ጨምሮ ከሳጥን ሳጥን ይለቅም ነበር። እንዲያም ሆኖ ወፍራሙና ቀጭኑ አልጠፋም።

ያስቸገረው የጽሕፈት መኪናው ነው። ኢንጂነር አያና ብሩንና ሌሎችን ያደከማቸው ጥያቄ ያን ሁሉ ፊደል ጥቂት ቁልፎች ላይ እንዴት ማሳፈር ይቻላል የሚል ነበር። መፍትሔው ምልክቱን ከፊደሉ ለይቶ መምታት ሆነ። በዕድሜ የምትቀርቡኝ ታስታውሳላችሁ፤ የካዕቡ ምልክት ከፊደሉ ሸሸት ብሎ ለብቻው ቆሞ ይታይ ነበር። ሥራችንን ሠርቶልናል፣ ውበቱ ግን ተጎዳ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሌላ ጣጣ አመጣ። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላችንን በራሱ መንገድ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ዓመት አሰላ አስጽፌ በፍሎፒ ያመጣሁትን የታሪክ ፈተና እዚህ ብንከፍተው የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ! ሌሊቱን ሙሉ በእጄ ጽፌ በስቴንስል አባዛሁት። ያን ፈተና የተፈተናችሁ ጽሑፌን ለማንበብ ያያችሁትን አበሳ አልረሳም።

በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን ሲመዘግብ ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቁጥር ተሰጣቸው። ከዚያ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ቪስታ መቀመጫውን ካናዳ ያደረገውን የፊደል ነዳፊ ጆን ሀድሰንን አሠራ። ቪስታ ለሕዝብ የወጣው በጥር 1999 ዓ.ም.፣ እኛ ሚሊኒየማችንን ልናከብር ወራት ሲቀሩን ነው። ፊደሉም ከነኮምፒውተሩ መጣ፤ ለብቻው አይገዛም፣ አይጫንም። ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን፤ የመቃው እጅ ይታይበታል። ሰሪፍ ያለው የላቲን ፊደልም አብሮት ተነድፏል። ለእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አንድ ማስታወቂያ ላይ ቁቤውና አማርኛው የአንድ ቤት ልጆች መሰሉ።

ስሙስ? ኒያላ ከተባለው የደጋ አጋዘን ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም፤ በብዛት የሚኖረውም በባሌና በእኛው በአርሲ ተራሮች፣ ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ነው። ሳይንስም ያወቀው ከዚሁ ነው፦ በ1908 እ.ኤ.አ. አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ከአርሲ ተራሮች አድኖ ወሰደ፣ በ1910 ሪቻርድ ላይደከር መዘገበው። አሥር ሳንቲማችን ላይ ቀንዱን አቁሞ ያለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ኮምፒውተር ልመለስ። በኋለኞቹ ዊንዶውሶች ላይ ኤብሪማ የሚባል፣ ወፍራምና ቀጭን ብዙም የማይለይበት ፊደል ተተካ። ለስክሪን ይስማማል፣ አልነቅፈውም። ኒያላ ግን ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ፈልጎ ለሚጭነው ብቻ የሚመጣ ተጨማሪ ሆነ። እንስሳውም እንደዚያው፤ እርሻው ሽቅብ ሲወጣ፣ አስታው ሲመነጠር እሱ ወደ ጫፍ ይሸሻል። ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል።

ፊደሉን መመለስ ቀላል ነው፤ ልጁ ኢንተርኔት ሲመጣ በአምስት ደቂቃ ጫነው፣ ማመልከቻዬም በኒያላ ወጣ። አጋዘኑን ግን ከጠፋ በኋላ የሚጭንልን የለም።

የት ነው ያያችሁት? ፊደሉንም፣ እንስሳውንም። በተለይ ደጋ ያደጋችሁ ተማሪዎቼ፣ አባቶቻችሁ ምን ብለው እንደሚጠሩት ከታች ጻፉልኝ።