ኮሶ፣ በሬውና እኛ

ከአገራችን ዕፀዋት መካከል በዓለም የመድኃኒት ታሪክ ስማቸውን ካስጻፉት አንዱ ኮሶ ነው። መራራነቱ በቋንቋችን ምሳሌ ሆኖ ስለ ቀረ፣ ክፉ የገጠመው ሁሉ «እንደ ኮሶ መረረኝ» ይላል። ይሁንና ኮሶ ሲነሣ የምናስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላውን ሰውና መራራውን መድኃኒት። በሁለቱ መካከል የቆመውን ሦስተኛ ፍጡር፣ በሬውን፣ ሥጋ እንጂ በሽተኛ አድርገን ቆጥረነው አናውቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ የቆየ ታሪክ ከበሬው ወገን ሆኖ መመልከት ነው።

የቀንድ ከብት የብዙ ጥገኛ ተውሳኮች ቤት ነው። በጉበቱ ውስጥ የጉበት ትል፣ በደሙ ውስጥ የገንዲ ተውሳክ፣ በአንጀቱ ውስጥ ልዩ ልዩ ትሎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ የሰው እርዳታ ሳያሻቸው ከከብት ወደ ከብት ይዛመታሉ፤ ዝንቡ፣ ቀንድ አውጣው ወይም ሣሩ ይበቃቸዋል። በሳይንስ ስሙ ቴኒያ ሳጂናታ የሚባለው የኮሶ ትል ግን ከነዚህ ይለያል። አዋቂው ትል በምድር ላይ ከሰው አንጀት በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 5 ሜትር ያህል ሲሆን ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከ1,000 እስከ 2,000 በሚደርሱ ቁራጮች የተሠራ ነው፤ አንድ የበሰለ ቁራጭ ብቻውን እስከ 100,000 እንቁላል ይይዛል። ቁራጮቹ ከሰው ወጥተው ሜዳ ላይ ይወድቃሉ፤ ከብቱም እንቁላሉን ከሣር ጋር ይውጠዋል። ከእንቁላሉ የወጣው ሽል በደም ተጉዞ በምላስ፣ በመንጋጋ፣ በልብና በትከሻ ጡንቻ ውስጥ ያርፍና አተር የሚያህል ከረጢት ይሆናል። ከ10 ሳምንት ገደማ በኋላ ይህ ከረጢት ሥጋውን በጥሬው የሚበላውን ሰው ለመያዝ ዝግጁ ነው። በሬው ግን እንደ ወትሮው ይበላል፣ ያርሳል፣ ይሰባል፤ መያዙን የሚያሳይ ምልክት የለውም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በሬው ለራሱ ያመጣው በሽታ የለም። እኛ የሰጠነውን መልሶ ይሰጠናል።

ይህን ለመረዳት ዓለም ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ በ1771 መጨረሻ ከከተማዋ ወጣ። በ1790 በአምስት ቅጽ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን ከነሥዕሉ አስተዋወቀ፤ ወንድ ሴት፣ ልጅ አዋቂ ሳይለይ ሕዝቡ በየወሩ እንደሚጠጣውም ጻፈ። ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣ የተረከው ግን በሎንዶን መሳለቂያ አደረገው፤ ብዙዎች ውሸታም አሉት። አውሮፓ በትረካው እየሳቀ አበባውን ግን አልናቀም። በ1820ዎቹ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ብራዬ የኮሶን ፈዋሽነት አይቶ ወደ ፓሪስ አሻገረው፤ ዛፉም ለጊዜው በእርሱ ስም ተጠራ። ዛሬ የሚታወቅበት «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» የሚለው ስም ግማሹ የአንድ ጀርመናዊ ሊቅ፣ ግማሹ የአገራችን መታሰቢያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር።

መድኃኒቱ እንዲህ ታውቆ ሳለ የበሽታው መንገድ ገና ምስጢር ነበር። በ1861 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት የትሉን ቁራጮች ለጥጃ አብልቶ ከረጢቶቹ በጥጃው ሥጋ ውስጥ መብቀላቸውን አሳየ። በ1869 ደግሞ በሕንድ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኦሊቨር ከረጢት ያለበትን የበሬ ሥጋ የበላ ሰው ትሉን እንደሚያበቅል አረጋገጠ። ክቡ የተገጠመው ያን ጊዜ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሴቴውን ዛፍ ቀይ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውሃ ወይም በጠላ በጥብጠው ማልደው በባዶ ሆድ ይጠጡ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የኮሶ መድኃኒቶች ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ ይህ ልማድ ከቤተ መንግሥት እስከ ጎጆ የተስፋፋና እንቆቆንና መተሬን የመሳሰሉ ሌሎች ዕፀዋትንም የሚያካትት ነበር። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ መጠጣቱ ከንቱ ልማድ አልነበረም። የትሉ ራስ ካልወጣ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ እንደገና አድጎ ቁራጭ መጣል ይጀምራል። ማይክሮስኮፕ ያላየ ሕዝብ የትሉን የዕድገት ዘመን በልምድ ለክቶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ሐኪም እንደ መሆኔ የሚያሳስበኝ የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ዕለት ወዴት ይሄድ ነበር? ወደ ጓሮ፣ ወደ እርሻው ዳር፣ ወደ ሜዳው። የተባረረው ትል ከነሚሊዮን እንቁላሉ የሚወድቀው ጥጃው በሚግጥበት ሣር ላይ ነበር። እንቁላሉም እርጥበት ባለበት ሜዳ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። አንዱን ሰው ያዳነው ጧት የመንደሩን ከብት ይበክል ነበር ማለት ነው። ዕውቀታችን ለግለሰቡ ፍጹም ነበር ማለት ይቻላል፤ ለመንደሩ ግን ጎዶሎ ነበር።

ይህ ጉድለት ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ የቄራዎቻችን መዝገብ ይናገራል። በ2008 በታተመ አንድ ጥናት በሐዋሳ ቄራ ከተመረመሩት 400 ከብቶች በ105ቱ፣ ማለትም ከአራቱ ከአንዱ በሚበልጡት ላይ፣ ከረጢቱ ተገኝቷል። በአዲስ አበባ ቄራ የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ ከመቶ 7.5 ያህል አግኝቷል። የሥጋ መርማሪው ቢላዋ የሚያየው ጥቂት ቦታዎችን ብቻ ስለሆነ በጥቂቱ የተያዘ ከብት በቀላሉ ያመልጠዋል። በየመንደሩ ለቅርጫ የሚታረደው በሬ ደግሞ መርማሪም አያየው፣ መዝገብም አይገባ።

በዚህ ነገር የውጭ ሰውም እኛም ከመንገድ ወጥተናል። የውጭው ጸሐፊ ጥሬ ሥጋ በላተኛነታችንን እያነሣ ኋላ ቀርነታችንን ሲያሳይበት፣ እኛ ደግሞ ቁርጥን እንደ ክብር ሰንደቅ ስንከላከል ኖረናል። ፈረንሳዮችና ቤልጂጎችም ጥሬ የተፈጨ የበሬ ሥጋ በገበታቸው ያቀርባሉ፤ የኮሶ ትል ግን በነርሱ ዘንድ እንደ እኛ የቤት ስም አልሆነም። ልዩነቱ ከምላሳቸው የመጣ አይደለም። ሽንት ቤታቸው፣ የፍሳሽ ማስወገጃቸውና የቄራ ቁጥጥራቸው የሰውን እዳሪ ከከብቱ ሣር ለይቶላቸዋል።

መድኃኒቱም ዛሬ ሌላ ነው። ኒክሎሳሚድ በ1960 ገደማ፣ ፕራዚኳንቴል ከ1970ዎቹ በኋላ መጥተው የኮሶን መራራ ጽዋ አስቀርተዋል፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት የሚደርሰውን ጉዳቱንም አስረስተዋል። ዛፉ ግን ውለታው ተረስቶ ለዕቃ መሥሪያ እየተቆረጠ ከደጋው ደናችን ሳስቷል።

በስደት አገር ለእረፍት ወደ አገር ቤት ደርሰው የሚመለሱ ወገኖቻችን አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ትል ይጠይቁኛል። ትልቁ ችግር እፍረቱ ነው፤ ያፈረ ሰው ሳይታከም ለዓመታት ይቆያልና። በሽታው በአንድ መጠን ክኒን የሚድን ነው። ጥሬ መብላት የሚወድ ሰው ሥጋውን ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀን ቢያቆየው ከረጢቱ ይሞታል፤ ለብለብ ብቻ ግን አይበቃም።

ከዚህ የሚከብደው የአገር ቤቱ ሥራ ነው። ለትውልድ መንደራችን ገንዘብ ስናዋጣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እናስባለን፤ መልካም ነው። ከክሊኒኩ አጠገብ፣ ከግጦሹም ራቅ ብሎ፣ የሚቆፈረውን የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ክሊኒኩ የታመመውን ሰው ያድነዋል፤ ጉድጓዱ ግን ገና ያልታመመውን ሰውና መናገር የማይችለውን በሬ አንድ ላይ ይጠብቃል።