ዘግይቶ የደረሰ ክብር

በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቤቱን ለእንግዳ የሚያመለክትበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከአባቶች የተወረሰው ነው፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብለህ፣ ፍርድ ቤቱን አልፈህ፣ ባቡር ጣቢያው ስትደርስ ጠይቅ» ይባላል። ሁለተኛው ጥያቄም መልስም የለውም። የስልኩን ገጽ ነካ ሲያደርግ ከሕንፃዎቹ መካከል አንዲት ነጥብ ትበራለች፤ ባለታክሲውም ሰፈሩን ባያውቀው እንኳ ነጥቧን ተከትሎ እደጁ ይደርሳል። ይህች ነጥብ ዛሬ እንደ ውኃና እንደ መብራት የዘወትር ነገር ሆናለች። የዘወትር የሆነ ነገር ደግሞ ሠሪው ይረሳል። እንጀራውን የሚቈርስ ሰው ምጣዱን የሠራችውን ሸክላ ሠሪ እንደማያስታውስ ሁሉ፣ በነጥቧ የሚመራ መንገደኛም ያሰሏትን ሰዎች አያስታውስም።

ልደታ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነበር። የዚያን ጊዜ አብራሪ ወንዝን፣ ተራራን፣ ኮምፓስንና የሬዲዮ ምልክትን አጋዥ አድርጎ ይበር ነበር። ደመና ሸለቆውን ሲሸፍነው፣ «የት ነው ያለሁት?» የሚለው ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ይሆን ነበር። የጄት አውሮፕላን ዘመን መጥቶ አየር መንገዱ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላም ጥያቄው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መልሱ ነው።

ጂ.ፒ.ኤስ. ተብሎ የሚጠራው አዲሱ መልስ የሚመጣው ከሰማይ ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች፣ በያዙት አቶማዊ ሰዓት መሠረት፣ «እኔ እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱም ይህ ነው» የሚል ምልክት ያለማቋረጥ ይልካሉ። የእጅ ስልክ ምልክቱ በመንገድ ላይ የቈየበትን ጊዜ ለክቶ ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያሰላል። የሦስቱ ርቀት ቦታን ሲያመለክት፣ የአራተኛው የስልኩን ሰዓት ስሕተት ያርማል። ብርሃን በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ 300 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከዐይን ጥቅሻ እጅግ ያነሰች የሰዓት ስሕተት መንገደኛውን ከልደታ አውጥታ ሌላ ሰፈር ትጥለዋለች። አይንስታይን እንዳስተማረው ሰዓት በከፍታና በፍጥነት ስለሚለወጥ፣ ለዚህም በየቀኑ 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ማረሚያ ባይደረግለት ኖሮ፣ ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ነበር።

ይሁንና ሰዓት ብቻውን አይበቃም። ሳተላይቱ ራሱ የት እንዳለ መታወቅ አለበት፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ የምትስበውን የመሬትን ትክክለኛ ቅርጽ ማወቅ ግድ ነው። መሬት በትምህርት ቤት እንደሚሣለው ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም። በወገቧ ሰፍታ በዋልታዎቿ ትጠባለች፤ ልዩነቱም በግማሽ ስፋቷ ሲለካ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህም በላይ በውስጧ ያለው ክብደት እኩል ስላልተከፋፈለ ስበቷ በአንዱ ቦታ ይበረታል፣ በሌላው ይላላል። ባሕሩም ይህን ስበት ተከትሎ እዚህ ጕብ፣ እዚያ ጐድጐድ ይላል። ሊቃውንት ይህን ወለል ጂኦይድ ብለው ይጠሩታል፤ ከሕንድ በስተደቡብ ከአማካዩ ቅርጽ 100 ሜትር ያህል ዝቅ ሲል፣ በኒው ጊኒ አካባቢ ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አላት ሲባል፣ «የቱ ባሕር?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ባሕሩ ከተማዪቱ ሥር የለም፤ በተራሮቹ ሥር በሐሳብ የተዘረጋው ያ የተሰላው ወለል ነው።

ይህን ወለል በማስላት ዕድሜያቸውን ካሳለፉት ሰዎች አንዷ ግላዲስ ዌስት ናቸው። በ1930 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ገጠር፣ ከጥቍር ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። እናታቸው የትንባሆ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ አባታቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ለዚያ ዘመን ጥቍር ልጃገረድ ዕጣዋ የትንባሆ እርሻ ወይም ፋብሪካው ነበር። ግላዲስ ግን ከክፍላቸው አንደኛ በመውጣት ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው በቨርጂኒያ ስቴት ኮሌጅ ሂሳብ ተማሩ። መምህርት ሆኑ፤ ተመልሰውም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። በ1956 በዳልግረን በሚገኘው የባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ በሂሳብ ባለሙያነት ሲቀጠሩ፣ በዚያ ከሚሠሩት አራት ጥቍሮች አንዷ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ በር ቢከፈትላቸውም፣ ከበሩ ውጭ ያለችው ቨርጂኒያ ገና ጥቍርንና ነጭን በሕግ የምትለይ አገር ነበረች።

በዳልግረን ሥራቸው ቍጥር ነበር። ክፍል የሚሞሉ ታላላቅ ኮምፒዩተሮችን በትእዛዝ ይመሩ፣ ውጤቱንም መስመር በመስመር ይመረምሩ ነበር። በ1978 ባሕሮችን በራዳር የለካችው ሲሳት የተባለችው ሳተላይት ስትላክ የመረጃው ሥራ ኀላፊ ሆኑ። ሲሳት ከጥቂት ወራት በኋላ ብትበላሽም፣ በ1985 የተላከችው የባሕር ኃይሉ ጂኦሳት ሥራውን ቀጠለች። ራዳሩ ከሳተላይቱ እስከ ባሕሩ ገጽ ያለውን ርቀት ይለካል፤ ዌስትና ባልደረቦቻቸው ከዚያ ላይ የማዕበሉን፣ የአየሩንና የመሣሪያውን ስሕተት እየቀነሱ የመሬትን መልክ ያወጣሉ። ዌስት የጂኦሳትን የመረጃ አሠራር የሚተነትን መጽሐፍ በ1986 አሳተሙ። ሳተላይቶች መንገዳቸው በትክክል የሚታወቀው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። በ1998 ጡረታ ሲወጡ 42 ዓመት አገልግለው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ክብርን በእውነት መስጠት የሚፈልግ ጸሐፊም ሊያልፈው አይገባም። ይህ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው መንገደኛ ቤቱን እንዲያገኝ አልነበረም። ከባሕር ሥር የሚተኰስ ሚሳይል ከዒላማው እንዳይስት፣ የተነሣበት ቦታም ሆነ የሚያልፍበት የምድር ስበት በልክ መታወቅ ነበረበት። የጂ.ፒ.ኤስ. እቅድ በ1973 ጸድቆ በ1978 የመጀመሪያው ሳተላይት ሲላክ ባለቤቱ የአሜሪካ ጦር ነበር። በ1983 አንድ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገድ ስቶ በሶቪየት ተዋጊ ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው ፕሬዚዳንት ሬገን መሣሪያው ሲጠናቀቅ ለሲቪሎች እንደሚፈቀድ ያስታወቁት። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለሲቪሉ የሚደርሰው ምልክት ሆነ ተብሎ ይዛባ ነበር፤ ማዛባቱ የቀረው በግንቦት 2000 ነው። የአምቡላንስ ነጂውና የቦምቡ መንገድ ካርታቸው አንድ ነው። ማረሻም ጦርም ከአንድ ብረት፣ ከአንድ ቀጥቃጭ እጅ እንደሚወጡ ያገራችን ገበሬ ያውቃል፤ ስለዚህ ባለሙያውን አያወግዝም፣ ጦሩንም ማረሻ ነው ብሎ አይጠራም።

ክብሩስ እንዴት ተከፋፈለ? በ2003 ታላቁ የድሬፐር የምሕንድስና ሽልማት ለብራድፎርድ ፓርኪንሰንና ለአይቫን ጌቲንግ ተሰጠ። የሚገባቸው ነበሩ፤ ፓርኪንሰን እቅዱን የመሩ መኰንን ናቸውና። በሰዓት ላይ የተመሠረተውን ሐሳብ ያበለጸጉት ሮጀር ኢስተንም ስማቸው ታውቋል። የዌስት ሥራ ግን ከመሥሪያ ቤታቸው ውጭ አይታወቅም ነበር። በአንድ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ያቀረቡትን አጭር የሕይወት ታሪክ አንዲት የማኅበራቸው አባል አንብባ በመደነቋ ነው ወሬው ጋዜጣ ላይ የወጣው። በታኅሣሥ 2018፣ በ88 ዓመታቸው፣ የአሜሪካ አየር ኃይል በፔንታገን ውስጥ ከጠፈርና ከሚሳይል ፈር ቀዳጆች መዝገብ ስማቸውን አሰፈረ። በ2021 ደግሞ የብሪታንያ የምሕንድስና ሮያል አካዳሚ በልዑል ፊሊፕ ስም የተሰየመውን ሜዳልያ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶች «የጂ.ፒ.ኤስ. እናት» እያሉ ብቻቸውን ፈጣሪ ያደርጓቸዋል። ይህም ሌላ መርሳት ነው። ብዙ እጅ የሠራውን ለአንድ እጅ መስጠት፣ አንድን እጅ ከብዙዎቹ መካከል ከመሰረዝ ጋር እኅትማማች ስሕተት ነው። እሳቸው ራሳቸው መንገድ ሲፈልጉ የወረቀት ካርታ እንደሚመርጡ መናገራቸው፣ ቍጥርን በገዛ እጅ የመመርመር የዕድሜ ልክ ልማዳቸውን ያሳያል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የባዕድ ታሪክ አይደለም። በ1838 የመጡት ወንድማማቾቹ አንትዋንና አርኖ ዳባዲ ለዐሥር ዓመት ያህል ባገሪቱ ሲዘዋወሩ፣ አንትዋን ከተራራ ተራራ እያነጻጸረ አገሪቱን ለክቶ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» የተባለውን መጽሐፍ አሳትሟል። በ1960ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች፣ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ ባገሪቱ ተራሮች ላይ መለኪያ ተክለዋል፤ ለኢትዮጵያ ካርታ የዋለው ገንዘብም የጦር ገንዘብ ነበረ ማለት ነው። የቀድሞዎቹ ካርታዎች የተመሠረቱት በሱዳንና በግብፅ ድንበር አቅራቢያ ባለው አዲንዳን በተባለ መነሻ ነጥብ ላይ ነው። ዌስት ካገለገሉበት ዓይነት ስሌት የወጣው ዓለም አቀፍ ልኬት ሲመጣ፣ በአዲስ አበባ አንዱ ነጥብ በአሮጌውና በአዲሱ አቈጣጠር መካከል ከ100 ሜትር በላይ ይለያያል። አንዱን ከሌላው ሳይለይ የሚሠራ ቀያሽ የአንዱን ሰው ቤት በሌላው ግቢ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። የይዞታ ክርክር በበዛበት ከተማ ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ኢትዮጵያዊም በሰማዩ ሥራ አለበት። በከፋ፣ በቦንጋ ተወልደው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክና በጃፓን የተማሩት ዶክተር ቅጣው እጅጉ፣ የመጀመሪያዎቹን የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች በሠራው በሮክዌል ኩባንያ በጠፈር መሐንዲስነት አገልግለው በ2006 ዐርፈዋል። የእሳቸው ስም ቢያንስ ይጠራል። የለካዮቹን መሣሪያ ተሸክመው ገደል የወጡት፣ መንገድ የመሩት፣ የተራራውንና የወንዙን ስም እየነገሩ ያጻፉት የየአገሩ ሰዎች ግን ስማቸው ከካርታው ጠርዝ ላይ አልሰፈረም። እነሱ የነገሩት የቦታ ስም ቀርቷል፤ የነገሩት ሰዎች ጠፍተዋል።

የግላዲስ ዌስት ታሪክ የሚያስተምረው እንግዲህ ይህ ነው፦ ዘግይቶም ቢሆን ክብር ሊደርስ ይችላል፤ የሚደርሰው ግን አንድ ሰው የተጻፈውን አንብቦ «ይህ ለምን አልተነገረም?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ስለ ዌስት የጠየቀች አንዲት አንባቢ ተገኝታለች። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ስለወጡት መሪዎችና ተሸካሚዎች የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየመንደሩ ገና አልጠፉም፤ ጠያቂው ግን ከእነሱ ዕድሜ ሊቀድም ይገባዋል።