ሜሊዮይዶሲስ፦ የወንዝ ውሃ የሚጠቁመው የአፈር በሽታ

ሜሊዮይዶሲስ በአፈርና በውሃ ውስጥ በሚኖር 'በርክሆልደሪያ ሱዶማሌይ' በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ገዳይ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በቆሰለ ቆዳ፣ በትንፋሽ ወይም በተበከለ ውሃ አማካኝነት ወደ ሰውነት ይገባል። በባዶ እግራቸው ጭቃ ውስጥ የሚሠሩ ገበሬዎችና የስኳር ሕሙማን ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ጥናት በየዓመቱ 165 ሺህ ገደማ ሰዎች እንደሚታመሙና 89 ሺህ ያህሉ እንደሚሞቱ ገምቷል። ጥናቱ በሽታው በ45 አገራት መኖሩ እንደሚታወቅ፣ ተመዝግቦ በማያውቅባቸው ሌሎች 34 አገራትም ሳይኖር እንደማይቀር አመልክቷል። ከእነዚህ መካከል የአፍሪካ አገራት ይገኙበታል።

ለምን ይሰወራል?

ምልክቶቹ ከሳንባ ምች ወይም ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ይመሳሰላሉ። ባክቴሪያው ፔኒሲሊንን ጨምሮ የተለመዱ መድኃኒቶችን ስለሚቋቋም፣ ሐኪሙ በሽታውን ካልጠረጠረ ታማሚው በማይሠራ መድኃኒት ጊዜውን ያጣል።

ከጉድጓድ ወደ ወንዝ

ባክቴሪያውን ለማግኘት የተለመደው ዘዴ በአንድ ማሳ ላይ 100 ቦታዎችን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እየቆፈሩ የአፈር ናሙና መውሰድ ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ባክቴሪያው በአንዱ ጉድጓድ ተገኝቶ በአጠገቡ ባለው ሊጠፋ ይችላል።

ወንዝ ግን ዝናብ ከሰፊ ተፋሰስ ያጠበውን አፈር ይሰበስባል። በላኦስ የሜኮንግ ወንዝንና ገባሮቹን የመረመሩ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን በ2018 አሳይተዋል። ናሙናው በጥቃቅን ማጣሪያ ከተጣራ በኋላ ሌሎች ባክቴሪያዎችን በሚገታ ማሳደጊያ ላይ ይዘራል፤ የዘረመል ምርመራም ማንነቱን ያረጋግጣል።

በ2022 ደግሞ በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት በሁለት ታማሚዎች መኖሪያ አካባቢ ከአፈርና ከኩሬ ውሃ በተወሰዱ ናሙናዎች ባክቴሪያው ተገኘ። በአህጉራዊቷ አሜሪካ አካባቢ ውስጥ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ውጤቱ ምን ይጠቅማል?

የወንዝ ናሙና የተበከለውን ማሳ ለይቶ አያሳይም፤ አለመገኘቱም አካባቢው ነጻ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። ነገር ግን በየትኛው ተፋሰስ ቆፍሮ መፈለግ እንደሚገባና የትኞቹ ሆስፒታሎች ንቁ መሆን እንዳለባቸው ይጠቁማል። ይህ ጥቆማ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል፤ በጊዜ የተለየ ታማሚ እንደ ሴፍታዚዲም ባሉ መድኃኒቶች በደም ሥር፣ ቀጥሎም ለወራት በሚዋጥ መድኃኒት ይታከማልና። ክትባት ባይኖረውም፣ በጭቃ ውስጥ ሲሠሩ ቦት ጫማ መልበስና ቁስልን መሸፈን አደጋውን ይቀንሳል።