ላንቃ
ፒያሳ ላይ የታክሲ ረዳቱ «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያለ ላንቃው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ላንቃ የአፍ ጣሪያ ነው፤ በጩኸት ተሰንጥቆ አያውቅም። እዚያው ታክሲ ውስጥ ግን አንዲት እናት ከንፈሩና ላንቃው የምር ክፍት የሆነ ጨቅላ ታቅፋ ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል ትሄድ ይሆናል። «መሰንጠቅ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይጥመኝም፤ እናቲቱን «ምን ባደርግ ተሰነጠቀብኝ?» ያሰኛታል። አልተሰነጠቀም፤ አልገጠመም እንጂ። ከንፈር በእርግዝናው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት፣ ላንቃ ትንሽ ዘግይቶ፣ ግራና ቀኙ ይገጥማል። ክፍተቱን ከሚዘጋው ቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረገውም ማቀራረብ ነው፦ ከንፈሩን በፕላስተር ሰብሰብ ማድረግ፣ ወይም በአፉ ልክ የተሠራ ማስያዣ በየሳምንቱ እያስተካከሉ ድዱንና አፍንጫውን ቅርጽ ማስያዝ። ይህ የሚሆነው ገና ለስላሳ ሳሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። እናቲቱን «ሲያድግ ይታያል» አትበሏት።